ከባድ ሂትሲንክና መከላከያ ሺም፦ ለየትኛው ፕሮሰሰር የትኛው ይሻላል?

ሺም ማለት ፕሮሰሰሩ ላይ በሲሊከኑ (ሥራውን በሚሠራው ትንሽ ቺፕ) ዙሪያ የሚነጠፍ፣ መሃሉ በሲሊከኑ ልክ የተቆረጠ ስስ ላሜራ ነው። ሂትሲንኩ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚወስደው ብረት፣ ሲገጠም አንድ ጎኑ ቀድሞ ከወረደ የሲሊከኑን ጥግ ሳይሸርፍ ላሜራው ላይ እንዲያርፍ ነው የሚደረገው። ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም። ፕሮሰሰሩን አያቀዘቅዝም፣ የሂትሲንኩንም ክብደት አይሸከምም። ዛሬ ኮምፒውተር ከሚገጣጥሙት ውስጥ አብዛኞቹ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶቹ ደግሞ ልኩን ካላወቁ ባይገዙት ይሻላቸዋል፤ ልኩን የሳተ ሺም ራሱ ፕሮሰሰር ያቃጥላልና።

መጀመሪያ ክዳኑን እዩ

ፕሮሰሰሩ ሰፊ የብረት ክዳን ካለው ሲሊከኑ ከሥር ተሸፍኗል። ሂትሲንኩ የሚያርፈው ክዳኑ ላይ ስለሆነ የሚሸረፍ ጥግ የለም። የኢንቴል ፔንቲየም 4 እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ሲወጣ ከነክዳኑ ነበር፤ ኤኤምዲም በ2003 ከአትሎን 64 ጀምሮ ክዳን አደረገበት። አሁን ሱቅ የምታገኙት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር፣ ኮር አይ9ም ይሁን ራይዘን፣ ክዳን አለው። ለእነዚህ የሚሸጠው ሌላ ዓይነት ፍሬም ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ሲሊከናቸው ገላጣ የሆነው ሶኬት ኤ በሚባለው የድሮ ኤኤምዲ መሰኪያ ላይ የሚሰኩት የኤኤምዲ ተንደርበርድ፣ ዱሮንና አትሎን ኤክስፒ፣ የኢንቴል ፔንቲየም 3 ኮፐርማይን፣ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች፣ የግራፊክስ ካርድ ቺፖች፣ እንዲሁም ባለቤቱ ራሱ ክዳናቸውን የፈነቀላቸው ናቸው። የድሮ ማሽን የሚጠግንና የሚሰበስብ ሰው በብዛት የሚያገኘው የመጀመሪያዎቹን ነው።

የሚሰብረው ክብደቱ አይደለም

ኤኤምዲ ለሶኬት ኤ የፈቀደው የሂትሲንክ ክብደት እስከ 300 ግራም ነበር። ሰዉ ግን ከዚያ በላይ ገጠመ፤ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው የዛልማን ሲኤንፒኤስ 7000 ለምሳሌ ከ700 ግራም ይበልጣል። ከዚህ በመነሳት ብዙ ሰው ሲሊከን የሚሰብረው ክብደት ነው ይላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። 700 ግራም ቀጥ ብሎ ቢቀመጥ የሚጫነው በ7 ኒውተን ገደማ ነው። ኤኤምዲ ራሱ ሂትሲንኩን ሶኬቱ ላይ ጨምቆ ለሚይዘው ክሊፕ ያዘዘው ኃይል ደግሞ ከ12 እስከ 24 ፓውንድ፣ ማለትም ከ53 እስከ 107 ኒውተን ነበር። ክሊፑ ከሂትሲንኩ ክብደት አሥር እጥፍ ያህል ይጫናል ማለት ነው፤ እኩል እስከተከፋፈለ ድረስ ሲሊከኑ ይችለዋል።

ጣጣው እኩል ሳይከፋፈል ሲቀር ነው። የሶኬት ኤ ክሊፕ አንድ ጫፉ መጀመሪያ የሶኬቱን ጥርስ ይይዛል፤ ሌላው ጫፍ ከዚያ በኋላ በካቻቢቴ ተገፍቶ ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት የክሊፑ ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው በሲሊከኑ አንድ ጠርዝ ላይ ነው። ሲሊከን ደግሞ አይታጠፍም፤ ይሸረፋል። ስፋቱ ባነሰ ቁጥር ሂትሲንኩ የሚቆምበት ቦታ ይጠብና ማጋደሉ ይቀላል። የአትሎን ኤክስፒ ፓሎሚኖ ሲሊከን 128 ካሬ ሚሊሜትር ነበር፤ በኋላ የመጣው ቶሮብሬድ ቢ ወደ 84 ወርዷል። ስለዚህ ሺም ለመግዛት ስታስቡ የሂትሲንኩን ግራም ከማየት የክሊፑን አሠራርና የሲሊከኑን ስፋት ማየት ይበልጥ ይጠቅማል።

በነገራችን ላይ ጥጉ የተሸረፈ ሁሉ የሞተ አይደለም። ሽርፋቱ ጠርዙ ላይ ቀርቶ ውስጡን ካልነካ ዓመታት ይሠራል። ሆኖም ያገለገለ አትሎን ስትገዙ አራቱን ጥግ በአጉሊ መነጽር ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ለሶኬት ኤ ያሉት አማራጮች

ኤኤምዲ ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ለስላሳ ጎማዎች ለጥፎ ነበር የሚያወጣው። ሂትሲንኩ ሲያጋድል ይደግፉታል፤ ክሊፑ ሲገባ ተጨምቀው ዝቅ ይላሉ፣ ሲሊከኑንና ሂትሲንኩን አያለያዩም። ጎማዎቹ አራቱም ካሉና በጣት ስትጫኑዋቸው ከተመለሱ፣ ሂትሲንኩም ኤኤምዲ ከፈቀደው ብዙ ካልራቀ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ችግሩ ዕድሜ ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ጎማ ወይ ደርቋል ወይ ወድቋል። ሦስቱ ቀርተው አንዱ የጎደለበት ደግሞ አራቱም ከሌሉበት የባሰ ነው፣ ሂትሲንኩን ሆን ብሎ ወደ ጎደለው ጥግ ይልከዋልና።

መዳብ ሺም በዚያ ዘመን ከሁሉም በላይ የተሸጠበት ምክንያት ውበቱ ይመስለኛል። ሻጮቹ ከሲሊከኑ ዙሪያ ሙቀት ይስባል ይሉ ነበር፤ ይህ ወሬ ነው። ሙቀቱ የሚወጣው በሲሊከኑ ጀርባ ቀጥታ ወደ ሂትሲንኩ ነው፣ ሺሙ ደግሞ በትክክል ከተሠራ ሂትሲንኩን አይነካውም። ከሁሉ በላይ ግን መዳብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ተንደርበርድና ዱሮን ላይ፣ ያኔ ሰዉ መልቲፕላየር (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን ማባዣ) ለመክፈት በእርሳስ ያገናኛቸው የነበሩት ኤል1 የሚባሉ ነጥቦች ላዩ ላይ ተጋልጠው ይታያሉ። በእርሳስ ጭረት የሚገናኝ ነገር በመዳብ ላሜራ እንዴት እንደሚገናኝ ማሰብ ነው። ደህና የተሠሩት ሺሞች በእነዚህ ነጥቦች ላይ መስኮት አላቸው፤ መስኮት የሌለውን መዳብ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ከመዳብ ይሻላል፤ ቀለም የሚመስለው ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሽፋኑ ግን ስስ ነው፤ በካቻቢቴ ከተቧጨረ ወይም ጠርዙ ላይ ከተላጠ ከመዳቡ አይለይም። ከፕላስቲክ ወይም ከሌላ ከማያስተላልፍ ነገር የተቆረጠ ሺም ርካሽና ከሁለቱም ስጋት ነፃ ነው፤ ሙቀት ሲደጋገምበት እንዳይጎብጥ በየጊዜው ማየት ብቻ ይጠይቃል። ለሶኬት ኤ ሺም ግዴታ ከሆነብኝ የምመርጠው ይህን ነው።

ሂትሲንኩ ከ500 ግራም በላይ ከሆነ ግን የኔ ምርጫ ሺም አይደለም። ብዙ የሶኬት ኤ ማዘርቦርዶች በሶኬቱ ዙሪያ አራት ቀዳዳ አላቸው። አልፋ ፓል 8045 እና ስዊፍቴክ ኤምሲ 462 የመሳሰሉት ሂትሲንኮች ክሊፑን ትተው በእነዚህ ቀዳዳዎች በቪቴ ይታሰራሉ። አራቱን በየተራ፣ በመስቀለኛ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እያጠበቃችሁ ስትሄዱ ሂትሲንኩ የሚያጋድልበት ጊዜ አይኖርም። የሶኬቱ የፕላስቲክ ጥርስም ከሸክም ይድናል፤ አንድ ጥርስ ብቻ የሚይዝ ክሊፕ ከባድ ሂትሲንክ ሲያንጠለጥል ጥርሱ ተሰብሮ ሂትሲንኩ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይወድቃል። ኋላ ላይ የወጡ አንዳንድ ቦርዶች ቀዳዳዎቹ ስለሌሏቸው ሂትሲንኩን ከመግዛታችሁ በፊት ቦርዱን እዩ። ቀዳዳ ከሌለ በሶኬቱ በየጎኑ ያሉትን ሦስቱንም ጥርስ የሚይዝ ክሊፕ ያለው ቀለል ያለ ሂትሲንክ ከነተመጣጣኝ ሺሙ ይሻላል።

ውፍረቱ ካልተለካ አይገጠም

የትኛውንም ዓይነት ብትመርጡ ወሳኙ ነገር ውፍረት ነው። ሺሙ ከሲሊከኑ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በጣም ከሳሳ ሂትሲንኩ ሲያጋድል ሺሙን ከማግኘቱ በፊት ጥጉ ይሄዳል። ከወፈረ ደግሞ አንድ ጉልቻ ከፍ ሲል ምጣዱ ሌሎቹ ላይ እንደማይቀመጥ ሁሉ ሂትሲንኩ ሺሙ ላይ ቀርቶ ከሲሊከኑ በላይ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ተንደርበርድ ራሱን ከሙቀት የሚያድንበት ዘዴ አልነበረውም፤ ሂትሲንኩ ካልነካው በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ከተሸረፈ ጥግ የባሰው ይሄ ነው። የተሸረፈ ሊሠራ ይችላል፣ የተቃጠለ ግን አይመለስም።

ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ፔስት (በሲሊከኑና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ሳትቀቡ ሺሙን ቦታው ላይ አስቀምጡና የምላጭ ወይም የብረት ማስመሪያ ቀጥ ያለ ጠርዝ በሲሊከኑና በሺሙ ላይ አግድም አቁሙ። ከኋላው የስልክ መብራት አብሩና ዓይናችሁን ወደ ጠርዙ ደረጃ አውርዱ። ሲሊከኑ ላይ ብርሃን ማለፍ የለበትም፤ ሺሙ ላይ ደግሞ በግራም በቀኝም እኩል የሆነች ቀጭን የብርሃን መስመር መታየት አለባት። በአንድ ጎን መስመሯ ከጠፋች ሺሙ ጎብጧል ወይም ከሥሩ ቆሻሻ አለ። ማስመሪያውን 90 ዲግሪ አዙሩና ድገሙት።

ቀጥሎ የማኅተም ሙከራ አለ። የሺሙን ላይ ገጽ በማርከር ቀቡት፤ ሲሊከኑ ላይ ስስ ፔስት አድርጉ፤ ሂትሲንኩን እንደ ወትሮው ግጠሙና መልሳችሁ አንሱት። የሂትሲንኩ ሥር ላይ የሲሊከኑ አራት ማዕዘን ሙሉውን፣ እስከ አራቱ ጥግ፣ ስስ ሆኖ መታተም አለበት። ፔስቱ መሃል ላይ ወፍሮ ከታየ ወይም የማርከር ቀለም ሂትሲንኩ ላይ ከተላለፈ ሺሙ ወፍሯል። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንጥፋችሁ ሺሙን እሹት፤ ሲሊከኑን ግን በፍጹም አትንኩ። አኖዳይዝድ የነበረ አሉሚኒየም ከታሸ በኋላ ሽፋኑ ሄዷልና የታሸው ገጽ ወደ ላይ ይሁን።

ለተንደርበርድ የተቆረጠ ሺም ለአትሎን ኤክስፒ አይሆንም። የሲሊከኑ ስፋትም ሆነ በዙሪያው ያሉት ጥቃቅን ዕቃዎች አቀማመጥ ይለያል፤ ፓሎሚኖ የተሠራበት ንጣፍም ከሴራሚክ ወደ ኦርጋኒክ ተቀይሯል። "ለሶኬት ኤ" ብቻ የሚል ጽሑፍ አይበቃም፣ የፕሮሰሰሩ ስም መጠቀስ አለበት።

የውፍረት ጣጣ የፋብሪካም ነው። ኤቲአይ በ2002 ያወጣው የግራፊክስ ካርድ፣ ራዲየን 9700 ፕሮ፣ ቺፑ ዙሪያ መከላከያ ፍሬም ነበረው፤ ፍሬሙ ከሲሊከኑ ከፍ እያለ ሂትሲንኩ በደንብ እንዳይነካ ስላደረገ ብዙ አድናቂዎች ፍሬሙን ራሱን በጥንቃቄ ነቅለው ጥለውታል።

ክዳኑ የተፈነቀለና ላፕቶፕ

ኢንቴል በ2012 አይቪ ብሪጅ የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ ከክዳኑ ሥር የነበረውን ብየዳ በፔስት ተካው። ያኔ ነው ክዳን መፈንቀል ፋሽን የሆነው። ክዳኑ ከተነሳ ሲሊከኑ ዝቅ ይላል፣ የሶኬቱ መያዣም የሚጫነው ነገር ያጣል። ስለዚህ እዚህ ላይ ፍሬም የቅንጦት አይደለም፤ ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ፒኖች ጋር አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ኤምኤስአይ በ2014 ለአንዳንድ ቦርዶቹ ለዚሁ የሚሆን ፍሬም አቅርቦ ነበር፤ ዛሬ እንደ ተርማል ግሪዝሊ ያሉት ኩባንያዎች ለየሶኬቱ የተለየ ይሸጣሉ። ምርጫው ቀላል ነው፦ ለእናንተው ሶኬትና ትውልድ የተሠራ ፍሬም ከሌለ ክዳኑን አትፈንቅሉ። በፔስት ፈንታ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አሉሚኒየም በአካባቢው እንዳይኖር። ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየምን ይበላል፣ አኖዳይዝድ ቢሆንም በትንሽ ጭረት ይገባል።

ላፕቶፕ ላይ መከላከያ ሺም አይጨመርም። ሂትሲንኩ ሞላ ባላቸው ቪቴዎች ተይዟል፤ ብረቱ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ የተጻፈውን ቅደም ተከተል መከተል ሺም የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል። ኢንተርኔት ላይ "መዳብ ሺም" ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ 15 በ15 ወይም 20 በ20 ሚሊሜትር ካሬ፣ መሃሉ ያልተበሳ፣ ከቴርማል ፓድ (ሙቀት ከሚያስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ) ይልቅ ክፍተት እንዲሞላ የተሠራ ነው። እንደ ኤችፒ ፓቪሊየን ዲቪ6000 እና ዲቪ9000 ያሉት ላፕቶፖች ግራፊክስ ቺፓቸው ላይ የነበረውን ወፍራም ፓድ በዚህ መዳብ መተካት በሠፊው የሚሠራበት ጥገና ነበር። ይሄኛው በተቃራኒው ሁለቱንም ወገን መንካት ያለበት ነው፤ ከሲሊከን ዙሪያ የሚቀመጠውን ለሚፈልግ አይሆንም።

ክዳን ላላቸው አዳዲሶቹ

በ2021 መጨረሻ ከአልደር ሌክ ፕሮሰሰሮች ጋር የመጣው የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ሶኬት ፕሮሰሰሩን ከካሬ ወደ ረጅም አራት ማዕዘን ለወጠው፤ 37.5 በ45 ሚሊሜትር ነው። የሶኬቱ መያዣ ግን የሚጫነው በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች መሃል ላይ ብቻ ስለሆነ ክዳኑ መሃሉ በጥቂቱ ይሰረጉዳል፣ ሂትሲንኩም መሃል ላይ በደንብ አይነካም። ለዚህ አራት መንገድ አለ።

መተው አንዱ ነው። ኢንቴል ጉብጠቱ በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ነው ብሏል፤ መያዣውን መቀየርም ዋስትና ሊያሳጣ ይችላል። ለኮር አይ3 እና ለኮር አይ5፣ ለቢሮ ሥራና ለመጠነኛ ጌም፣ ተዉት። ሁለተኛው የመያዣውን አራት ቪቴዎች ፈትቶ ከሥር 1 ሚሊሜትር ሮንዴላ ማስገባት ነው፤ ኢጎርስ ላብ የተባለው የጀርመን የኮምፒውተር ዕቃ መፈተሻ ድረ ገጽ የሞከረውና ያስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን በከባድ ሥራ ላይ 5 ዲግሪ ያህል ቀንሷል። ወጪው ኢምንት ነው፣ ግን አራቱ ሮንዴላዎች አንድ ውፍረት መሆን አለባቸው፣ ከየኪሱ የተለቀሙ አይሆኑም።

ሦስተኛው ተርማልራይትና ተርማል ግሪዝሊ የሚሠሩት ኮንታክት ፍሬም ነው። መያዣውን አንስቶ ዙሪያውን እኩል በሚጫን ፍሬም ይተካል። ቪዲዮ ለሚሠራ፣ ሬንደር ለሚያደርግ፣ ኮር አይ7 ወይም አይ9 ለያዘ ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው። ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሥሩት፤ ቪቴዎቹ ሲፈቱ የኋላው ሰሌዳ ስለሚወድቅ ቆሞ ካለ ኬዝ ውስጥ መሥራት ራስን ማድከም ነው። ቪቴዎቹን ፍሬሙን እስኪነኩ በጣት አዙሩ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ሩብ ዙር ያህል። አብዝታችሁ ካጠበቃችሁ ወይም ካላላችሁ ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ ወይም ከሁለቱ ራም አንዱን አያይም። ያኔ ራሙን ከመወንጀል በፊት ቪቴዎቹን አላልቶ እንደገና ማጥበቅ ይቀድማል።

አራተኛው ቦርዱን ሳይነኩ ሂትሲንኩን መምረጥ ነው። የሂትሲንክ አምራቹ ኖክቱዋ በ2024 ያወጣው ኤንኤች-ዲ15 ጂ2 በሦስት ዓይነት ሥር ይሸጣል፤ ኤችቢሲ የተባለው መሃሉ ይበልጥ ወጣ ያለና ለተሰረጎደ ኤልጂኤ 1700 የታሰበ ነው፣ ኤልቢሲ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ኮንታክት ፍሬም ላለውና ለአዲሱ የኤኤምዲ ሶኬት፣ ለኤኤም5፣ ይሆናል። ፍሬም ገጥሞ ኤችቢሲ መግዛት ሁለቱን መድኃኒት አንድ ላይ መውሰድ ስለሆነ ውጤቱ ይበላሻል። በ2024 ለወጣው ለኢንቴል ኤልጂኤ 1851 ሶኬት ደግሞ ግፊቱ የቀነሰ መያዣ የተገጠመላቸው ቦርዶች ስላሉ ፍሬም ከማዘዛችሁ በፊት የቦርዱን ዝርዝር አንብቡ።

ለኤኤም5 ራይዘን የሚሸጠው ፍሬም ሌላ ነው። የራይዘን 7000 ክዳን ጎኖቹ ላይ የተቦረቦረ ስለሆነ ፔስት ጥቃቅን ካፓሲተሮቹ መሃል ይገባል፤ ፍሬሙ ወይም የኖክቱዋ ኤንኤ-ቲፒጂ1 ጠባቂ ያንን ይከላከላል። ሙቀት አይቀይርም። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፔስት ብትጠቀሙ ደግሞ የገባው ፔስት ለማጽዳት ከማስቸገር በቀር ምንም አያደርግም፤ ገንዘቡን ለተሻለ ፋን አውሉት።

ለሚጓጓዝ ኮምፒውተር

ክብደት ራሱ የሚያስፈራው እዚህ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ማንኛውም ሺም ወይም ፍሬም አይረዳም። ኤንኤች-ዲ15 የመጀመሪያው ከሁለት ፋኑ ጋር 1,320 ግራም ነው፤ ኬዙ ቆሞ ሳለ ይህ ሁሉ ከቦርዱ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። ጉዞ ላይ እያንዳንዱ መንገጫገጭ በርዝመቱ ተባዝቶ ሶኬቱ ላይ ያርፋል። በ2015 መጨረሻ “ሳይዝ” የተባለው የጃፓን ሂትሲንክ አምራች የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰሮች ላይ የተገጠሙ አንዳንድ ሂትሲንኮቹ በመጓጓዝ ጊዜ ፕሮሰሰሩንና ቦርዱን ሊጎዱ እንደሚችሉ አሳውቆ ለደንበኞች ሌላ ቪቴ በነፃ ልኳል። ስካይሌክ የተሠራበት ንጣፍ ከቀደመው ሃስዌል ይሳሳ ነበር።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የተገጣጠመ ኮምፒውተር በሻንጣ ወይም በካርጎ የምታስመጡ ሰዎች የሚልክላችሁን ሰው ማማው ሂትሲንክ ተፈቶ ለብቻው እንዲጠቀለል ንገሩት። የሚፈታ ሰው ከሌለ ኬዙ ማዘርቦርዱ ወደ ታች ሆኖ ተኝቶ ይጓዝ፤ በሻንጣ ግን ማን እንደሚያቆመው ስለማይታወቅ ይህ የሚታመነው በራሳችሁ መኪና ስትወስዱት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ስትሄዱም ያው ነው። የፔስት ቱቦና የሂትሲንኩ ቪቴዎች ያሉበት ፌስታል የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ሌላው ሁሉ ሲደርስ ሁለቱ የቀሩበት ኮምፒውተር አይገጠምም።